የበላው ይሆን?

ላሊበላ ገበያዋ ቅዳሜ ነው። ከተራራው ማዶ የመጣ ሰው እህሉን ሸጦ፣ ጨውና በርበሬውን ሸምቶ ሲያበቃ፣ ልጅ የታመመበት ደግሞ መንገዱን ምክንያት አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ይላል። እናቲቱ ያዘለችውን አውርዳ ትናገራለች፦ እግሩ እየተሳሰረበት ይወድቃል፤ ወይም እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ወይም ቆሞ መሄድ ጀምሮ ሳለ ተወው። ጎረቤት «ዓይን ነው» ብሏታል፣ አማቷ «ምች መቶት ነው» ብለዋታል። እሷ ግን ድስቷን ትጠረጥራለች። «የበላው ነገር ይሆን እንዴ?» ትላለች።

ይህን ጥያቄ ማንም ባለሙያ በችኮላ ሊያልፈው አይገባም። በላስታና በአጎራባቾቹ ደጋዎች ምግብ የሰውን እግር አስሮ ያውቃል፣ ሰውን በብዛት ገድሎም ያውቃል። ችግሩ «የበላው ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በስህተት መጠየቁ ነው። እናት ትናንት ማታ የቀረበውን ታስባለች፤ ባለሙያውም «ምን በልቶ ነበር?» ብሎ ያንኑ ይጠይቃል። ነርቭን የሚጎዳ ምግብ ግን ሰዓቱ አንድ አይደለም። በግማሽ ቀን የሚያንገዳግድ አለ፣ ወራት ጠብቆ እግር የሚይዝ አለ፣ ከነጭራሹ በመብላት ሳይሆን ባለመብላት የሚመጣም አለ። ስለዚህ «ትናንት ምን በላ?» ከሚለው ቀጥሎ «ከመስከረም ወዲህ ቤታችሁ ምን ሲበላ ከረመ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ፈጣኞቹን አስቀድመን እንያቸው። እንክርዳድን የላስታ ገበሬ ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። ከስንዴና ከገብስ መካከል ይበቅላል፤ ፍሬው ሳይለቀም ከተፈጨ ዳቦው ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ሰውን እንደ ሰካራም ያንገዳግዳል። ወንጌል እንኳ ምሳሌ አድርጎ ያነሳው አረም ነው። አስተናግር ደግሞ ስሙ ራሱ ምርመራ ነው፤ የበላውን ያናግራል። ፍሬው ከእህል ጋር ሲታጨድ ወይም ልጅ በጨዋታ ሲቀምሰው፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ የሌለ ነገር እያየ ይቀባጥራል። ለእነዚህ ሁለቱ የተሻለው ፍንጭ ማዕዱ ነው፤ ከአንድ ሞሰብ የበሉ ሌሎች ሰዎችም አንድ ዓይነት ነገር ተሰምቷቸዋል ወይ? የልጅ ገላ ትንሽ ስለሆነ እሱ ቀድሞና ብሶበት ይታያል እንጂ፣ ከሞሰቡ የቆረሱ ሁሉ ጥቂት ጥቂት መቅመሳቸው አይቀርም። እንዲህ ያለ ልጅ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። በቤት ውስጥ ለማስመለስ መሞከር ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም።

ከዚህ ዘግየት የሚለው የኤርጎት መርዝ ነው። ኤርጎት በእህል ዘለላ ላይ የሚያድግ ሻጋታ ሲሆን፣ በፍሬው ቦታ እንደ አይጥ ኩስ የጠቆረና የጠነከረ ነገር ይተካል። እ.ኤ.አ. በ1977 እና 78 በወሎ፣ በዋድላ ደላንታ፣ ከገብስ ጋር ተደባልቆ የበቀለው ሲናር በዚህ ሻጋታ ተመቶ ነበር። 140 ያህል ሰዎች ታመው ከሦስቱ አንዱ ያህል ሞቱ፤ ከታመሙት የሚበዙት ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። ኤርጎት የደም ሥርን ያጠባል፤ እግር ይቃጠላል፣ ይደነዝዛል፣ ይዝላል፤ ሲብስም ጣትና እግር ጠቁሮ ይሞታል። በአርሲም እ.ኤ.አ. በ2001 ይኸው ተደግሟል። መከላከያው ከወፍጮ በፊት ያለች አንዲት ሥራ ናት፤ በሰፌድ ላይ አበጥሮ ጥቁሩን መልቀም። በሴቶቻችን እጅ ያለች ይህች የለቀማ ሥራ የሕክምና ሥራ መሆኗ የሚነገረን ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

አሁን ወራት ጠብቆ እግር ወደሚይዘው፣ ወደ ጓያ።

ከላሊበላ ተነስቶ ጋሸና፣ ከጋሸና ወደ ዋድላ የወረደ ሰው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ያስጎተቱበትን የዥጣን ገደል ተሻግሮ ደላንታ ሜዳ ላይ ይወጣል። ዋልካ መሬት ነው። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጓያ እንዲህ ያለውን መሬት ይወዳል፤ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይዘራል፣ በቀረው እርጥበት ያድጋል፣ ብዙ እርሻም አይጠይቅም። ስንዴው ሲደርቅ፣ ምስሩ ሲመታ፣ ጓያ ይቆማል። ከፍሬው ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ለድሃ ቤት ከዚህ የበለጠ ባለውለታ እህል የለም ማለት ይቻላል፤ ቂሙም የሚመጣው በዚያው በክፉ ዘመን ነው። ሌላው እህል ሁሉ አልቆ እሱ ብቻ ሲቀር፣ ማጣፈጫም ሌላ እህልም ሳይነካው ጠዋትና ማታ ይበላል።

እ.ኤ.አ. ከ1995 በኋላ በደላንታ ዳውንት የሆነው ይህ ነው። ድርቅ መጣ፣ ጓያ ብቻ ቀረ፣ ከ2000 በላይ ሰዎች እግራቸው ተያዘ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት፣ ቤልጅጋዊው ፈርናንድ ላምቤንና ባልደረባቸው ወረርሽኙን እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም አሳወቁት። ነገሩ ለአገራችን አዲስ አልነበረም፤ በጎንደር ደምቢያና ፎገራም ሲታይ ኖሯል። ለዓለምም አዲስ አይደለም፤ የስፔኑ ሠዓሊ ጎያ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በማድሪድ ረኃብ የጓያ ገንፎ ከበው የሚበሉትን፣ አንዲት ሴትም መነሳት አቅቷት የተኛችበትን ሥዕል ሠርቷል።

መርዙ ኦዳፕ ይባላል፤ የህንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ከፍሬው ለይተው ያወጡት ነው። አሠራሩን በቀላሉ ለማስረዳት ልሞክር። ነርቭ ከነርቭ ጋር የሚነጋገረው በኬሚካል መልእክተኞች ነው። ከመልእክተኞቹ አንዱ ግሉታሜት ይባላል፤ «ተነሳ፣ ሥራ» ብሎ ነርቩን ቀስቅሶ ወዲያው ይነሳለታል። ኦዳፕ መልኩ ግሉታሜትን ስለሚመስል በዚያው በር ይገባል፣ ከገባ በኋላ ግን አይወጣም። ነርቩ ያለ ዕረፍት ሲቀሰቀስ ኖሮ በመጨረሻ ተቃጥሎ ይሞታል። በብዛት የሚጎዱት ከአንጎል ተነስተው በጀርባ አጥንት ውስጥ ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሱት፣ ከሁሉ ረጃጅሞቹ ነርቮች ናቸው። የመዳሰስ ስሜት የሚያመላልሱት ይተርፋሉ። ማሰቢያውም ይተርፋል።

ስለዚህ በጓያ የተያዘ ልጅ የሚታወቅበት መልክ አለው። አንድ ቀን ረጅም መንገድ ሄዶ ወይም ትኩሳት ታሞ ያድራል፤ በማግሥቱ ባቱ ይኮማተራል፣ ጉልበቱ ይከብደዋል። ከዚያ በጣቶቹ ጫፍ መርገጥ ይጀምራል፤ ጉልበቶቹ እየተሳሳሙ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ቀላሉ ያለ ዱላ ይሄዳል፤ የባሰበት በአንድ ዱላ፣ ከዚያ በሁለት ዱላ፤ የመጨረሻው በእጁ ይድሃል። እግሩ ግን ግትር ነው እንጂ ዝርግ አይደለም። ብትቆነጥጠው ያመዋል፤ ብትጠይቀው በትክክል ይመልስልሃል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የበላ ሁሉ አይያዝም። አደጋው የሚመጣው ጓያ የዕለት ምግቡን ሲሶ ሲያልፍና ይህም ለሁለትና ለሦስት ወር ሲዘልቅ ነው። ከተያዙት ውስጥ ወንዶች ልጆችና ጎረምሶች ይበዛሉ። ጡት ያልጣለ ሕፃን ላይ አይጠበቅም፤ ከእረኛነት ዕድሜ ጀምሮ ግን ሊታሰብ ይገባዋል። እረኛ ልጅ የጓያ እሸት ከማሳው እየፈለፈለ ቀኑን ይውላል፣ ማታ ቤት የበላውን ብቻ የምታውቅ እናት ያን አትቆጥረውም። በደላንታ የተደረገው ተከታታይ ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው፤ እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው አደጋውን ሲጨምሩ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የገባበት ወጥና ከሌላ እህል ጋር የተደባለቀው ዱቄት ግን ይቀንሱታል። የዱቄቱ ምክንያት ይህ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ የጓያ ፕሮቲን ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ይጎድሉታል፣ እነዚህን ደግሞ ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ይተኩለታል። ጓያውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ፣ ውኃውን ደፍቶ መቀቀልም መርዙን ይቀንሳል፤ መርዙ በውኃ የሚሟሟ ነውና። በድርቅ ዓመት ግን ውኃውም እንጨቱም ከእህሉ እኩል እንደሚጠፋ ማንም ያውቃል። ለዚህ ነው በችግር ጊዜ ለእንዲህ ዓይነት ወረዳ ስንዴና ገብስ ፈጥኖ መድረሱ ሽባነትን የሚከላከል ክትባት ያህል የሚሆነው። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው «ዋሴ» የተባለ፣ መርዙ ያነሰበት የጓያ ዝርያም ተስፋ ነው።

አንዳንድ አካባቢ የጓያ እንፋሎት ወይም የጓያ ጭድ እግር ይይዛል ይባላል። ሰው ከድስቱ እየሸሸ ከገበታው አለመሸሹ ያሳዝነኛል። የሚይዘው የተበላው ነው።

ከተያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም። ይህን መደበቅ ልጁን ከደብር ደብር፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲያንከራትቱ ቤተሰቡን ማራቆት ነው። ግን ሁለት ነገር ይታወቅ። ጓያው ከቆመ በሽታው አይገፋም፤ ባለበት ይቆማል። ደግሞም፣ ቅድም ልብ በሉ ያልኩት፣ አእምሮው ሙሉ ነው። በሁለት ዱላ የሚሄድ ልጅ ትምህርት ቤት የማይገባበት አንዳች የሕክምና ምክንያት የለም። ጅማቱ እንዳያጥር በየቀኑ እግሩን ማሳሳብ፣ ቁመቱ የሚመጥን ዱላ መስጠት፣ ደብተሩን መያዝ፤ የወላጅ ሥራው ይህ ነው።

ግትርና ዝርግ ያልኩትን ላፍታታው፣ ከዚህ ጽሑፍ አንዲት ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ቢኖር ይህችን እንዲይዝ እፈልጋለሁ። ልጅ በቀናት ውስጥ እግሩ ወይም ክንዱ ድንገት እንደ ጨርቅ ከዛለ፣ ይህ ጓያ አይደለም፤ በምግብ ማመካኘትም አይገባም። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሳትውል ሳታድር ማወቅ አለባት። የፖሊዮ ቅኝት የሚባለው ይህ ነው፤ እግሩ በዛለ በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰዳል። ወላጅ «ምግብ አልተስማማውም» እያለ እህል እየቀያየረ ሁለት ሳምንት ካሳለፈ፣ ያ ጊዜ አይመለስም። እንዲሁም እግሩ የከዳው ልጅ ጀርባው ላይ ጉብታ ካለ፣ ማታ ማታ ቢያተኩሰውና ቢከሳ፣ የጀርባ አጥንት ቲቢ ይፈለጋል፤ ይህ ቶሎ ከተደረሰበት የሚድን ነው።

ከምግብ ጋር ወደሚያያዘው ልመለስ፣ አሁን ግን ባለመብላት ወደሚመጣው። ላስታ የጾም አገር ነው። በየዓመቱ ከቀኖቹ ግማሽ ያህሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይነካባቸው ናቸው፤ በፍስኩም ቢሆን በድሃ ቤት ወተትና ሥጋ ብርቅ ነው። ቫይታሚን ቢ 12 የሚባለው ነርቭን የሚያለብስና ደምን የሚሠራ ነገር በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ጉበቱ ውስጥ የዓመታት ስንቅ አለው። ሕፃን ግን ስንቁን የሚቀበለው ከእናቱ ነው፤ እናቲቱ ለረጅም ጊዜ ካጣችው፣ ጡቷ ሞልቶ እየታየ ወተቱ ቢ 12 የሌለበት ይሆናል። እንዲህ ያለ ሕፃን ጥቂት ወራት በደንብ ያድግና ከዚያ ይደበዝዛል። ይገረጣል፣ ይነጫነጫል፣ መሳቁን ይተዋል፣ ይቀመጥ የነበረው መቀመጥ ያቅተዋል፣ አንገቱ ይከዳዋል፣ አንዳንዴም እጁና ምላሱ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ የሚያስቆጨው፣ ይህ በመርፌ የሚታከም መሆኑ ነው፤ ሲዘገይ ግን ጠባሳው ይቀራል። ስለዚህ «መቀመጥ ጀምሮ ተወው» የምትል እናት ስትመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ልጁ ምግብ ሳይሆን ስለ እሷ ምግብ ይሁን። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ስለ ጾሙ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ፤ ስለ ልጇ ጤና ስትጠይቅ የሚያሳፍራት አንዳች ነገር የለም።

ጨውም እንዲሁ ነው። ተራራማ አገር አፈሩ በዝናብ ታጥቦ አዮዲን ያንሰዋል፤ እንቅርት የበዛውም ለዚህ ነው። እናት በእርግዝናዋ አዮዲን ካጣች ጉዳቱ በእሷ አንገት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ልጁ ዝግ ያለ፣ መስማትና መናገር የሚቸግረው፣ እግሩ የገተረ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ከአፋር የሚወጣው አሞሌ አዮዲን አልተጨመረበትም። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በአገር ደረጃ ደንብ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ገበያ ላይ ግን የሚመርጠው ገዢው ነው። የታሸገውን ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አኑሩት።

አሁን አሁን፣ በተለይ ልጆቻቸውን በውጭ አገር ከሚያሳድጉ ወገኖቻችን፣ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። «አለርጂ ይሆን? ስንዴው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ ይሆን?» እውነተኛ የምግብ አለርጂ ቶሎ ይናገራል፤ በደቂቃዎች፣ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ገላ ያሳክካል፣ ከንፈር ያብጣል፣ ያስመልሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። እግር አያስርም፣ ለወራት የሚቆይ መንገዳገድም አያመጣም። አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፤ ሴሊያክ የሚባለው በሽታ። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን ያስቆጣል፤ ልጁ ሆዱ ይነፋል፣ ይቀዝናል፣ አያድግም፤ ጥቂቶቹ ላይ ነርቭን ነክቶ አካሄድን ያዛባል። ጤፍ ግሉተን የለውም። ግን በላስታ እንጀራው ጤፍ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ገብስ ይደባለቅበታልና «እንጀራ ብቻ ነው የምሰጠው» የምትል እናት ከምን እንደተጋገረ መጠየቅ አለባት። እንዲህም ሆኖ ስንዴና ገብሱን አስቀድሞ ማቋረጥ ስህተት ነው። የሴሊያክ የደም ምርመራ የሚያሳየው ልጁ ገና እየበላው ሳለ ነው፤ ምግቡ ከተቋረጠ በኋላ ምርመራው ያለውን በሽታ የለም ሊል ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የሚከብደው ለሚወድ ወላጅ ነው። ልጁ ሲንቀጠቀጥ እያየ አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል፤ በእጁ ያለው ደግሞ ገበታው ነው። ወተቱን ያነሳል፣ ቀጥሎ እንቁላሉን፣ ከዚያ ስንዴውን። በመጨረሻ ልጁ ከመጀመሪያው በሽታ በላይ በረኃብ ይጎዳል። በደጋ አገር፣ ፕሮቲን በሚያንስበት ቤት፣ በጥርጣሬ ብቻ የሚነሳ አንድ እንቁላል እንኳ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለሚጥል በሽታም አንድ ቃል፣ እሱም ብዙ ጊዜ በምግብ ይመካኛልና። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በቡታጅራ ባደረጉት የቤት ለቤት ጥናት ከ1000 ሰው አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳይተዋል። ይተላለፋል ከሚል ፍርሃት የተነሳ የሚወድቅን ልጅ የማይነካው ሰው ብዙ ነው፤ በሽታው ግን አይተላለፍም፣ በርካሽ እንክብል ሊገታም ይችላል። ጸበል የሚወስዱት ይውሰዱ፤ እንክብሉን ግን አያቋርጡ። ሁለቱን የሚያጣላቸው ነገር የለም።

እንግዲህ ቅዳሜ ገበያ የምትወጣ እናት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ይህን ይዛ ትሂድ። ቤታቸው ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ በብዛት ሲበላ የከረመውን እህል ሁሉ፣ ከእያንዳንዱ አንዳንድ እፍኝ፣ ሳይለቀምና ሳይበጠር በጨርቅ ቋጥራ። ልጁ ሲሄድ ወይም ሲንቀጠቀጥ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ፣ ከልጆቹ በአንዱ ስልክ አስቀርጻ። መጀመሪያ ያየችበትን ቀን፣ ያን ሰሞን ትኩሳት ወይም ረጅም መንገድ እንደነበር፣ ልጁ ከማሳ እሸት ይበላ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ እንዳለ። ባለሙያዎች ደግሞ ያን ቋጠሮ ጠረጴዛ ላይ ፈትታችሁ በብርሃን እዩት፤ ጠቆር ያለውን፣ ቀጠን ያለውን፣ ማዕዘን ያለውን ፍሬ ለዩ። ጓያ ማዕዘን አለው፤ ትንሽ የመጥረቢያ ምላስ ይመስላል።